ምድር ልትቃጠል ነውና ብርካው ክፍቱን ይቅር?

ባለፈው የወጣቶች ጉባኤ ላይ አንድ ወንድም ከመድረክ የተናገረው ቃል እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። የችግኝ ተከላ ማስታወቂያ ሊነገር ሲል ማይኩን ተቀበለና፣ «ቅዱሳን፣ ነገ በእሳት ለምትጠፋ ምድር ዛሬ ችግኝ መትከል ምን ይባላል?» አለ። አዳራሹ ሳቀ፤ አንዳንዶቻችንም አጨበጨብን። እኔም ከሳቁት አንዱ ነበርሁ። ወደ ቤቴ ስመለስ ግን በሳቄ አፈርሁ። ያፈርሁት ወንድማችን ስለ መጨረሻው ዘመን ስለ ተናገረ አይደለም፤ ያንኑ ቃል ሐርተሼክ ላይ፣ ከአንድ ብርካ አፍ አጠገብ ቆሞ መናገር ይችል እንደ ሆነ ራሴን ስለ ጠየቅሁ ነው።

ሐርተሼክን ለማያውቅ አንባቢ በጥቂቱ ልናገር። ከጅግጅጋ ተነሥቶ በቀብሪበያህ በኩል ወደ ድንበሩ የሚሄድ ሰው ሀውድ በሚባለው ሜዳ ውስጥ ይገባል። ሜዳው ዓይን እስኪደክም የተዘረጋ ነው። ወንዝ የለውም፤ ምንጭ የለውም፤ በእጅ ተቆፍሮ ውሃ የሚወጣበት ቦታም የለውም። ሰውም ከብቱም የሚጠጣው ከሰማይ የወረደውን ነው። ሲዘንብ ጎርፉ በቦይ ተመርቶ ብርካ በሚባለው፣ በሲሚንቶ በተለሰነው ጉድጓድ ውስጥ ይጠራቀማል። ከዚያ በኋላ እስከሚቀጥለው ዝናብ ድረስ የሰውና የእንስሳ ዕድሜ በዚያ ጉድጓድ ይለካል። ብርካው ሲደርቅ ውሃ በቦቴ ይመጣል። ቦቴው ካልመጣ ሰው ቤቱን ነቅሎ ግመል ላይ ይጭንና ይነሣል።

እኔ በዚያች ከተማ ሁለት ዓመት አስተምሬአለሁ። ከተከራየሁበት ቤት ጀርባ የአንድ ሽማግሌ ብርካ ነበር፤ ውሃ በጀሪካን የምገዛው ከእሳቸው ነው። ሁለተኛው ዓመት ላይ የጉ ዝናብ ሳስቶ ነበርና አንድ ቀን፣ «አዴር፣ ውሃው እንዴት ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ወደ ጉድጓዱ አጎንብሰው አዩና፣ «መዐሊን፣ ጥቂቱን እኛ ጠጣነው፤ ጥቂቱን ደግሞ እሷ ጠጣችው» አሉኝ። «እሷ» ሲሉ በምርኩዛቸው የጠቆሙት ፀሐይን ነው። እኔ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ማታ ወረቀት አውጥቼ ሳሰላው ቀልድ አልነበረም።

እናንተም አስሉት። ርዝመቱ 20 ሜትር፣ ወርዱ 10 ሜትር፣ ጥልቀቱ 3 ሜትር የሆነ ብርካ ሲሞላ 600 ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል። በጂላል፣ ማለትም በረጅሙ በጋ፣ ከውሃው ገጽ በቀን 6 ሚሊ ሜትር ቢተን ብዙ አይመስልም፤ የጣት ውፍረት እንኳ አይሞላም። በ100 ቀን ግን 60 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ይህ የብርካው አምስተኛ እጅ ነው። 120,000 ሊትር፤ በባለ 20 ሊትሩ ቢጫ ጀሪካን 6,000 ጀሪካን። ማንም ሳይጠጣው፣ አንዲት ፍየል እንኳ አፏን ሳታርስበት ወደ ሰማይ የሄደ ውሃ።

አሁን በዚህ ላይ ሙቀት ጨምሩበት። አየር አንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሞቀ ቁጥር ሊሸከመው የሚችለው እንፋሎት 7 በመቶ ያህል ይጨምራል። ይህ የትንቢት ነገር ሳይሆን የፊዚክስ ሕግ ነው። 3 ዲግሪ ቢጨምር የአየሩ የመሸከም አቅም ከአምስተኛ በላይ ያድጋል። እንዲህ ያለ አየር እንደ ደረቀ ጨርቅ ነው፤ ከብርካው፣ ከሣሩ ሥር፣ ከላሟ ትንፋሽና ከሕፃኑ ቆዳ ላይ ሳይቀር ይመጥጣል። ጨርቁ ሲጨመቅ ደግሞ ያጠራቀመውን ሁሉ በአንድ ቦታ ያፈስሰዋል። «ድርቅ ነው ትላላችሁ፣ ጎርፍ ነው ትላላችሁ፤ እንግዲህ የትኛው ነው?» እያለ ለሚያሾፍ ሰው መልሱ ይኸው ነው። ድርቁም ጎርፉም የአንዲት እናት ልጆች ናቸው።

ይህን በዓይናችን አይተናል። ከ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ጀምሮ እስከ 2015 ዓ.ም. ታኅሣሥ ድረስ በደቡብና በምሥራቅ ኢትዮጵያ፣ በሶማሊያና በኬንያ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ። በአገራችን ብቻ ከ6 ሚሊዮን በላይ እንስሳት ሞቱ። በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ ዓለም አቀፍ የአየር ሁኔታ ተመራማሪዎች ቡድን ጉዳዩን መርምሮ ውጤቱን አወጣ። በሰው እጅ የመጣው ሙቀት እንዲህ ያለውን ድርቅ ቢያንስ 100 ጊዜ ይበልጥ እንዲከሰት የሚያደርግ ሆኖ አገኙት። ከዚህም የሚበልጠው ቃላቸው ይህ ነው፦ ዓለም ባትሞቅ ኖሮ ያው የዝናብ እጥረት ደርሶ እንኳ ነገሩ ድርቅ ተብሎ ባልተጠራ ነበር። ሰማዩ ቢነፍገንም ምድሪቱ በያዘችው እርጥበት ልናልፈው እንችል ነበር፤ የያዘችውን የነጠቃት ሙቀቱ ነው። ሽማግሌው በምርኩዛቸው የጠቆሙትን ሊቃውንቱ በኮምፒውተር ደረሱበት። ጥናቱ ያተኮረው ከእኛ ወደ ደቡብ ባለው ምድር መሆኑን መደበቅ አይገባም፤ ነገር ግን የፊዚክሱ ሕግ ጎዴ ላይ ሠርቶ ሐርተሼክ ላይ አያርፍም። ድርቁ ካበቃ ዓመት ሳይሞላው፣ በ2016 ዓ.ም. ኅዳር፣ የዋቢ ሸበሌ ወንዝ ሞልቶ ጎዴንና ቀላፎን አጥለቀለቀ። ከብቱን በጥም የቀበረ ሰው የቀረውን በውሃ ተነጠቀ።

አሁን ወደ ጅግጅጋ ወጣቶች ወሬ ልመለስ። በመካከላችን ሦስት ዓይነት መልስ ይሰማል፤ ሦስቱም ከሥራ የሚያሳርፉ ስለሆኑ ይወደዳሉ።

አንዱ፣ «ጥፋቱ የራሱ የአርብቶ አደሩ ነው፤ ዛፉን ቆርጦ ከሰል አደረገው፤ ከብቱን ያለ ልክ አበዛው» የሚለው ነው። ይህን ከሰማሁባቸው ቤቶች አብዛኞቹ ውስጥ ቡና እየተፈላ ነበር። አቦሉም፣ ቶናውም፣ በረካውም የተፈላው በከሰል ነው። ከሰሉን ያከሰለውን ረግመን ቡናውን አመስግነን እንወጣለን። ዛፍ መቆረጡ ጉዳት የለውም ማለቴ አይደለም፤ አለው። ዛፉና ቁጥቋጦው ሲጠፋ ዝናቡ አፈሩን ያጥባል፤ ቦረቦር ይከፈታል፤ ሣር የነበረው ቦታ እንደ መንገድ ይጠጥራል። ነገር ግን ጉዳዩ የዓለም ሙቀት ከሆነ ቁጥሩን በሐቅ እንቁጠር። አንድ አሜሪካዊ ከነዳጅ፣ ከጋዝና ከድንጋይ ከሰል የሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በዓመት 14 ቶን ገደማ ነው። የአንድ ኢትዮጵያዊ ድርሻ ሩብ ቶን አይሞላም። እዚያ አንድ ሰው በአንድ ሳምንት የሚለቀውን እዚህ አንድ ሰው በዓመትም አይደርስበትም። ከዚህ ሩብ ቶን ውስጥ ደግሞ የግመል ጠባቂው ድርሻ ስንት ይሆን? በከብቶቹ ሆድ የሚፈጠረው ሚቴን ጋዝ መኖሩን አልክድም፤ አገራችን በእንስሳት ብዛት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናትና ይህ በሂሳባችን ውስጥ መግባት አለበት። ቢሆንም ግመል ያረባ ሰው ዓለምን አሞቀ ብሎ መክሰስ በቤቱ ቃጠሎ የተረፈውን ሰው «እሳት ለምን ጫርህ?» ብሎ እንደ መያዝ ነው።

የከብቱንም መብዛት ቀረብ ብለን ብናየው ሌላ ታሪክ አለው። ሀውድ በጥንት ጊዜ የዝናብ ወቅት ግጦሽ ነበር። ውሃ ስለሌለው ዝናቡ ሲያበቃ ሰው ሁሉ ይለቀዋል፤ ሣሩም ያርፋል። ካለፈው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ጀምሮ ብርካ እየበዛ ሲሄድ ዓመቱን ሙሉ መቀመጥ ተቻለ፤ መንደሮች ተቆረቆሩ፤ ግጦሹም ዕረፍት አጣ። ስለዚህ ብርካ በረከት ብቻ ነው አልልም። ዛሬ ግን አንድ ሙሉ ከተማ በብርካ ላይ ተቀምጧልና አፍርሱት አይባልም። ያለው አማራጭ የተጠራቀመውን ውሃ መጠበቅና ግጦሹን በተራ ማሳረፍ ነው። ይህንንም የአካባቢው ሽማግሌዎች ከማንኛችንም በተሻለ ያውቁታል፤ የምንጠይቃቸው ግን ጥቂቶች ነን።

ሁለተኛው መልስ፣ «ይህ የነጮች ኃጢአት ነው፤ ይክፈሉ፤ እኛ ምን አገባን?» የሚለው ነው። ግማሹ እውነት ነው። ሀብታሞቹ አገሮች እ.ኤ.አ. እስከ 2020 ለድሆች አገሮች በዓመት 100 ቢሊዮን ዶላር ሊሰጡ ቃል ገብተው ቃላቸው የተሞላው ሁለት ዓመት ዘግይቶ ነው፤ ያውም አብዛኛው ብድር ሆኖ። ዕዳው አለ፤ መጠየቅም አለበት። ነገር ግን ዕዳ የሚጠይቅ ሰው ቆሞ ይጠይቃል እንጂ ተኝቶ አይጠይቅም። ደግሞም አሁን እኛም ከጋዙ ቤት በር ላይ ደርሰናል። በክልላችን፣ በካሉብ፣ እ.ኤ.አ. በ1973 የተገኘው የተፈጥሮ ጋዝ ከአምሳ ዓመት በኋላ፣ በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ መመረት ጀመረ። ስለዚህ ነገር ከጓደኞቼ ጋር ብዙ ተከራክረናል። እኔ፣ ሌላው ዓለም እያቃጠለ የሶማሌ ክልል ልጅ ብቻ በጨለማ ይቀመጥ አልልም። የምለው ይህን ነው፦ ጋዙ የሚያልቅና ዓለምም ሊተወው የሚገባ ነገር ነው፤ ልጆቻችን የሚኖሩበትን ቤት በእሱ ላይ አንሠራም። የሚገኘው ገንዘብ ወደ ውሃና ወደ ትምህርት ቤት ካልተለወጠ፣ እኛ የምናተርፈው ሙቀቱን ብቻ ይሆናል። በዚሁ ክልል፣ በሲቲ ዞን፣ አይሻ ላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫ ተተክሏል። ነፋስና ፀሐይ ደግሞ ሀውድ ላይ የሌሉበት ቀን የለም። የፀሐይ ኃይል መሣሪያ ዋጋ እ.ኤ.አ. ከ2010 በኋላ ባሉት ዐሥር ዓመታት በ90 በመቶ ገደማ መውደቁን ስሰማ፣ ናፍጣ እያቃጠለ ውሃ የሚያመላልሰው ቦቴ ትዝ ይለኛል። በድርቁ ለተጠማ ሰው ውሃ የምናደርሰው ድርቁን የሚያመጣውን ጭስ እያጨስን ነው።

ሦስተኛው መልስ የወንድማችን ነው። ብዙ የምቆየውም በእሱ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ከገዛ ቤታችን የወጣ ነው።

ምልክቱን አየን፤ ስለዚህ ሥራ እንተው የሚል ትምህርት ከየት መጣ? ዮሴፍ የፈርዖንን ሕልም ሲፈታ የረሀቡ ዘመን ከእግዚአብሔር ዘንድ የተቈረጠ መሆኑን ተናግሯል። ያንን ተናግሮ ግን መዝሙር አላዘዘም። ጎተራ አሠራ፤ ሰዎችን ሾመ፤ በጥጋቡ ሰባት ዓመት የምድሪቱን ፍሬ አምስተኛ እጅ አስቀመጠ። አምስተኛውን እጅ ልብ በሉልኝ። ዮሴፍ ያስቀመጠው አምስተኛ እጅ አንድን አገርና በዙሪያው ያለውን ሕዝብ አተረፈ። እኛ ብርካውን ክፍቱን ትተን ለፀሐይ የምንሰጠውም አምስተኛ እጅ ነው።

ደግሞም ይህ ትምህርት ለሌላው እንጂ ለራሳችን አይሠራም። ምድር በእሳት ትጠፋለች የሚል ሰው ለሚሠራው ቤት ካርታ ለማውጣት ቢሮ ሲመላለስ አይተናል። ልጁን ጥሩ ትምህርት ቤት ያስመዘግባል። ጣሪያው ሲያፈስስ፣ «ሁሉም ያልፋል» ብሎ አይተኛም፤ ቆርቆሮ ይገዛል። እንግዲህ ለራሳችን ጣሪያ ሃምሳ ዓመት የምናስብ ሰዎች፣ ለጎረቤታችን ብርካ ሲሆን የመጨረሻው ዘመን ለምን ይታወሰናል? ያ ጎረቤት ከእኛ ጋር የማይጸልይ፣ ለሰላት ውዱ የሚያደርግበት ውሃ ያጣ ሽማግሌ ስለ ሆነ ይሆን? ይህን ጥያቄ የምጽፈው ለወንድማችን ብቻ አይደለም። እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ ከእሳቸው ውሃ ገዝቼ ስለ ብርካቸው የጠየቅኋቸው አንድ ቀን ብቻ ነው።

«እንግዲህ ችግኝ እንትከል ነው የምትለው?» የሚለኝ አለ። ስለ ችግኝ የምናገረው በኀፍረት ነው። እኔ ያለሁበት የወጣቶች ኅብረት ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ቅዳሜ ወጥቶ ችግኝ ተከለ። አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሰን ፎቶ ተነሣን፤ ጸለይንበት፤ ዳቦና ለስላሳ ተበላ። በማግሥቱ ግን ውሃ የሚያጠጣ ተራ አላወጣንም። ፍየሎቹ በሳምንት ጨረሱት። በ2011 ዓ.ም. የአረንጓዴ ዐሻራ ከተጀመረ ወዲህ በአገሪቱ ብዙ ዛፍ ተተክሏል፤ መልካም ነው፤ እኔ የምተቸው መትከሉን ሳይሆን ተክሎ መሄዱን ነው። ሐርተሼክ አካባቢ ከሚተከለው ይልቅ ታጥሮ ከፍየልና ከመጥረቢያ የሚጠበቀው ቁጥቋጦ ቶሎ ያገግማል፤ ሥሩ ከመሬት ውስጥ አለና። ይህ ግን ፎቶ አይወጣውም። በዚያ ላይ አንድ ነገር እንዳንሳሳት፦ የኢትዮጵያ ተራራ ሁሉ በደን ቢሸፈን የዓለም የድንጋይ ከሰል ማቃጠያዎች ጭስ ካልቆመ ሙቀቱ አይቆምም። ሊቃውንቱ ያስቀመጡት ልክ ግልጽ ነው። ሙቀቱን በ1.5 ዲግሪ ለመግታት እ.ኤ.አ. በ2030 የዓለም ልቀት ከ2019ኙ በ43 በመቶ መቀነስ ነበረበት። «ነበረበት» ያልሁት በስሕተት አይደለም። እ.ኤ.አ. 2024 በዓመቱ አማካይ ከ1.5 በላይ ሆኖ የዋለ የመጀመሪያው ዓመት ነው፤ አሁን በያዝነው አካሄድ የምዕተ ዓመቱ መጨረሻ ወደ 3 ዲግሪ ይጠጋል።

3 ዲግሪ ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ ለማየት ሐርተሼክ ከማንም በላይ ትረዳለች። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

በ1980 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ ሐርጌሳ ውስጥ ጦርነት ተነሣ። የዚያድ ባሬ መንግሥት የገዛ ሕዝቡን ከተማ በአውሮፕላንና በመድፍ ደበደበ። ሕዝቡ እግሩ ወዳመራው ሸሸ፤ ድንበሩን ተሻግሮም እዚህ ውሃ በሌለበት ሜዳ ላይ ሰፈረ። ሐርተሼክ ከ250,000 በላይ ስደተኛ የሚኖርባት፣ በአንድ ወቅት በዓለም ትልቋ የስደተኞች መጠለያ ሆነች። ሩብ ሚሊዮን ሰው፣ ምንጭ በሌለው ሜዳ ላይ! ውሃው በቦቴ ሌሊትና ቀን ተመላለሰ። ለማገዶና ለጎጆ ዛፉ አለቀ፤ ማንን እንወቅሳለን? የመጠለያው ነገር ያበቃው በ1996 ዓ.ም. የመጨረሻዎቹ ስደተኞች ወደ አገራቸው ሲመለሱ ነው። እኔ ስደርስ የቀረው የተራቆተ መሬትና የሽማግሌዎች ወሬ ብቻ ነበር። «እንዴት ቻላችሁት?» ብዬ ብጠይቃቸው አዴር ትከሻቸውን ነቅንቀው፣ «ዘመዶች ናቸው፤ የት ይሂዱ?» አሉኝ።

በዚያው በ1980 ዓ.ም. ሰኔ 16 ቀን፣ ሕዝቡ ገና በመንገድ ላይ ሳለ፣ ጀምስ ሀንሰን የሚባል የናሳ ሳይንቲስት በዋሽንግተን ከሴናተሮች ፊት ቀርቦ ምድር መሞቅ መጀመሯን፣ በዚህም 99 በመቶ እርግጠኛ መሆኑን መሰከረ። ከጥቂት ወራት በኋላ መንግሥታት ነገሩን የሚያጠና ዓለም አቀፍ ጉባኤ አቋቋሙ። በዚያ ዓመት በአየር ውስጥ የነበረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሚሊዮን 350 እጅ ገደማ ነበር፤ ፋብሪካ ሳይኖር በፊት 280 ነበር። ዛሬ ከ420 አልፏል። ሰው ከነዳጅና ከድንጋይ ከሰል ከዚያ ምስክርነት ወዲህ የለቀቀው፣ በፊት በነበረው ዘመን ሁሉ ከለቀቀው ይበልጣል። ባለማወቅ የተሠራው ትንሹ ነው። የሚበልጠው እየታወቀ ተሠራ።

ሐርተሼክ ተከፍታ እስክትዘጋ 16 ዓመት ፈጀ። የተዘጋችው ሐርጌሳ ስለ ተጠገነች ነው። በቦምብ የፈረሰ ቤት በድንጋይና በሲሚንቶ ይሠራል፤ ሰው ሰላም ሲያገኝ ወደ አገሩ ይመለሳል። ሙቀት የነጠቀው ግጦሽ ግን በሰላም ስምምነት አይመለስም። የዝናቡ ልማድ የተለወጠበት ሕዝብ ከተሰደደ የሚጠብቀው «ተመለሱ» የሚል ቀን የለም። ሰው በጥላ ተቀምጦ፣ ውሃ እየጠጣ፣ ላቡ ሊያቀዘቅዘው የማይችልበት የሙቀትና የእርጥበት ልክ አለ፤ በቀይ ባሕርና በሕንድ ውቅያኖስ ዳር ባሉ ቆላዎች ዓለም ወደዚያ ልክ እየተጠጋች ነው። ከዚያ የሚሸሸው ሰው ወደ ደጋ ይወጣል። ደጋው ደግሞ እኛ ነን። የ3 ዲግሪ ዓለም ብዙ ሐርተሼክ ያለበት፣ አንዱም የማይዘጋበት ዓለም ነው።

ይህን የምጽፈው ለማስፈራራት አይደለም፤ ማስፈራራትማ ወንድማችን ከእኔ ይሻላል። የምጽፈው ከ1.5 እስከ 3 ባለው መካከል እያንዳንዱ የዲግሪ ሽራፊ ስንት ብርካ፣ ስንት መንጋ፣ ስንት መንደር እንደ ሆነ ስለማውቅ ነው። «አልፏል፣ ተበላሽቷል» ማለትም «ገና ነው» ማለትም አንድ ዓይነት ስንፍና ነው።

በ2003 ዓ.ም. በሶማሊያ ረሀብ ሲገባ የአየር ትንበያው ወራት አስቀድሞ ተናግሮ ነበር። የሰማ ሁሉ ረሀብ መሆኑ እስኪታወጅ ጠበቀ፤ 260,000 ያህል ሰው ሞተ፤ ግማሹ ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆነ ሕፃናት ናቸው። ትንበያውን አምኖ መሥራት እንደሚቻል ደግሞ በገዛ ክልላችን ታይቷል። በ2010 ዓ.ም. ለአርብቶ አደሮች የተጀመረው የከብት መድን ግጦሹ ሲጠወልግ በሳተላይት ያየውን ይዞ፣ ከብቱ ሳይሞት ገንዘቡን ይከፍላል፤ ሰውየውም መኖ ይገዛበታል። ቀብሪበያህም በቦቴ ትኖር የነበረች ናት፤ ከጀረር ሸለቆ ቧንቧ ተዘርግቶላት ስደተኛውም ነዋሪውም ከአንድ መስመር ይጠጣሉ። እነዚህ ተአምራት አይደሉም። በጀት፣ ቧንቧና አስቀድሞ ማመን ናቸው።

በትልቁ ነገርስ እኛ ምን እናደርጋለን? እ.ኤ.አ. በ2027 የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ እንዲካሄድ ተወስኗል። ወጣቶቻችን እንደ ልማዳችን እንግዳ ተቀባይ መዘምራን ሆነው ባንዲራ ይዘው ሊቆሙ እንደሚጋበዙ እገምታለሁ። ይዘምሩ፤ ግን ከሀውድ ሽማግሌዎች ሰምተው የጻፉትን፣ ብርካው የደረቀበትን ወር ከዓመት ዓመት የመዘገቡበትን ደብተር ይዘው ይሂዱ። ውጭ አገር ላሉ ወንድሞቻችንም አንድ ነገር እንንገራቸው። በሚኔሶታና በዋሽንግተን የሚኖሩ፣ ዜግነት ያገኙ፣ ድምፅ የሚሰጡ ብዙ የዚህ አገር ልጆች አሉ። ስንደውልላቸው የምንጠይቃቸው ዶላር ብቻ ነው። የከሰል ማቃጠያውን የሚዘጋውም የሚከፍተውም የእነሱ የምርጫ ካርድ ነው፤ ለማን እንደ ሰጡት መጠየቅ ነውር አይደለም።

እስከዚያው የኅብረታችን ገንዘብ ያዥ ይቅርታ ያድርግልኝና አንድ ነገር በይፋ ልጠይቅ። ለመጪው ጉባኤ ቲሸርት ለማሳተም የተያዘ ገንዘብ አለ። ሐርተሼክ ሄጄ የአዴርን ብርካ በገመድ ለክቼ መጥቻለሁ፤ ጅግጅጋ ገበያ ደግሞ የቆርቆሮና የእንጨት ዋጋ ጠይቄአለሁ። የቲሸርቱ ገንዘብ ብርካውን ከግማሽ በላይ ይከድነዋል። ለቀረው እኔ በየወሩ ከደመወዜ አዋጣለሁ፤ የሚስማር ነገር ደግሞ መድረክ ላይ የተናገረው ወንድማችን የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ስላለው ለእሱ ትቼዋለሁ። ሥራው ከረን ሳይገባ ማለቅ አለበት፤ አዴር መሰላሉ ከእሳቸው ነው ብለዋል።